ለቅሶዬን የሕዝብ ነው አሉት

እኔ ሕዝብ አይደለሁም። ትርንጎ ነኝ። ይፋግ አጠገብ ተወልጄ፣ አንበሳሜ ተድሬ፣ ደብረ ታቦር ያረጀሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሙሾ በማውረድና ዜማ በማውጣት የኖርሁ ሴት ነኝ። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው ተናድጄ ስለሆነ ነው። ሰው ከሥራ ሲያርፍ ትዝታውን በእርጋታ ይጽፋል ይላሉ። እኔም እንደዚያ ላደርግ ነበር አሳቤ። ድምፄ ቀጥኗል፣ ጉልበቴም እምቢ ብሏል፣ ልጆቼም «እማ፣ በቃሽ፣ አሁንስ ዕረፊ» ብለውኝ በሰላም ተቀምጬ ነበር። አላስቀምጥ ያሉኝ የኪነት ሰዎቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ የከተማችን የኪነት ቡድን «የጋፋቷ እናት» የሚባለውን የድሮ ተውኔት እንደገና አነሣው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዜማ የሚሄድ ተውኔት ነው፤ ጋፋት ላይ ብረት ቀልጦ መድፍ ይሠራ በነበረበት ዘመን ልጇን በሥራው ላይ እሳት የበላባትን እናት ታሪክ የሚናገር። «እናታችን» ብለው ጠርተው ከፊት አስቀመጡኝ። አዲሱን ነጠላዬን ለብሻለሁ። መድረኩ ሳይከፈት አንድ ወጣት ድምፅ ማጉያ ይዞ ወጣና ታሪኩን የጻፈውን ጠራ፣ አዘጋጁን ጠራ፣ መብራት የሚያበራውን ጠራ። ኧረ መጋረጃ የሚስበውን እንኳ ከነአባቱ ስም ጠራው! ከዚያ «ዜማና ግጥም፣ የሕዝብ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሕዝብ መቼም ለሕዝብ ያጨበጭባል፣ ራሱ ነዋ። የእኔ እጅ ግን ከጉልበቴ ላይ አልተነሣም።

የማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሙያውን ያስተማሩኝ እመት ጠጅቱ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ለማያውቅ ሰው፣ ሙሾ አውራጅ ማለት ለቅሶ ቤት ተጠርታ፣ ለቀስተኛው ክብ ሠርቶ ሲቆም መሐል ገብታ፣ ሟቹን በግጥምና በዜማ የምታነሣ ሴት ናት። እሷ ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላል። ብዙ ሰው ሥራዋ ማልቀስ ይመስለዋል። አይደለም። እሷ ካለቀሰችማ ድምፅዋ ይታነቅና ለቅሶው ይቆማል። እመት ጠጅቱ ክቡ ውስጥ ሲገቡ ዐይናቸው ደረቅ ነበር፤ የሚያለቅሱት ሁሉም ነገር አልቆ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ፣ ፊታቸውን ሸፍነው ነበር።

መርዶ ሲደርሳቸው በቀጥታ ወደ ሟች ቤት አይሄዱም። መጀመሪያ ጎረቤት ይገባሉ። ትኩስ ተልባ አስመትተው ይጠጣሉ፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል እያሉ። ከዚያ መጠየቅ ይጀምራሉ። ደግ ነበር ወይ፣ ጎበዝ ነበር ወይ ብለው አይጠይቁም፤ እሱንማ ለሞተ ሰው ሁሉ ይሉታል። «በሬውን ምን ብሎ ነበር የሚጠራው? ሚስቱን ከደጅ ሆኖ ሲጣራ ስሟን እንዴት ያነሣዋል? ሲናደድ ድምፁ ወደ ላይ ነው የሚወጣ ወደ ታች?» ጎረቤትየው «እኔ ምን አውቄ እመት» ሲል «እሱን ሆነህ በለው» ብለው ይይዙታል። እስኪያሰማቸው አይለቁትም። ሰው ሲናገር እያንዳንዱ የራሱ ዜማ አለው፤ ሲሞት ያ ዜማ ከቤቱ ይጠፋል፤ ቤተሰቡ የናፈቀው እሱን ነው፤ እኛ የምንሠራው እሱን መልሶ ማሰማት ነው ይሉኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ተከትያቸው የሄድሁበት ለቅሶ ከአእምሮዬ አይወጣም። ሟቹ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት ሁልጊዜ «እንግዲህ…» ብለው ረዘም ያለ ትንፋሽ ይለቁ ነበር አሉ። እመት ጠጅቱ ሙሾውን ከዚያ «እንግዲህ» ላይ አነሡት፤ ትንፋሹን ሳይቀር። የሽማግሌው ትልቋ ልጅ መርዶ ከሰማች ጀምሮ ዕንባ አልወጣትም ነበር፤ ዘመድ ሁሉ ፈርቶላታል። ያን «እንግዲህ» ስትሰማ «አባዬ!» ብላ ተንደርድራ ወጣች። ዕንባዋም አብሮ ወጣ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ከሌሎቹ አውራጆች ያላየሁት። ሙሾው ሲያልቅ ከክቡ ሳይወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠጅቱ ነኝ ያልሁት፤ የጨመርሁትም ያጎደልሁትም ካለ ከእኔ ነው» ይሉ ነበር። እኔ መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን የሟች ወንድሞች ዱላ ይዘው መጡባቸው፣ «ወንድማችን በልጅነቱ ሰው ቤት እረኛ እንደነበረ ለምን አነሣሽ፣ አዋረድሽን» ብለው። እመት ጠጅቱ በራቸው ላይ ቆመው «እኔ ነኝ ያልሁት፣ ግቡና እንነጋገር» አሏቸው። ገቡ፤ ተነጋገሩ፤ ጠላ ጠጥተው ወጡ። ስም መናገር ማለት ያ ነው። ተጠያቂው እዚህ ነው ማለት ነው።

አንበሳሜ ተድሬ ስሄድ ባለቤቴ ቄስ ትምህርት ቤት የቆየ ሰው ነበርና ፊደል አስቆጠረኝ፤ በከሰል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ። ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ገበያ ቀን ገበያው ውስጥ ዝም ብዬ መዞር እወድ ነበር፤ ባለቤቴ «ምንም ሳትገዢ ምን ትዞሪያለሽ?» ይለኛል። ሰው ሲከራከር፣ ሲሸነግል፣ ሲጣራ ነዋ የምሰማው። ቅቤ የምትሸጥ ሴት «ውሰጅው እንግዲህ!» ስትል ምን ያህል ተስፋ እንደቆረጠች ከድምፅዋ ይታወቃል። ክፍያው ያኔ እህል ነበር፣ አንዳንዴም ምርቃት። ባለቤቴ ሲሞት ልጆቼን ይዤ ደብረ ታቦር ገባሁ።

እዚህ ነው አቶ ላቀው ያገኙኝ። ያኔ በየቀበሌው ኪነት ነበር፤ እሳቸው የኪነቱ ኃላፊ ነበሩ። አንድ ለቅሶ ላይ ሰሙኝና በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጡ።

«ትርንጎ፣ ይህን ነገር መድረክ ላይ ትሠሪዋለሽ?»

«አስከሬን በሌለበት?»

«አስከሬኑን እኛ እንፈጥረዋለን» አሉኝ።

አቶ ላቀው መልካም ሰው ነበሩ፤ መፈክር መውደዳቸውን ካልቆጠርሁባቸው። መጀመሪያ ያመጡት ግጥም እናትየዋ የልጇን መርዶ ስትሰማ ቀጥ ብላ ቆማ የምትኮራበት ነበር። «አቶ ላቀው፣ ልጅ ሞቶብዎት ያውቃል?» አልኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እሺ፣ አንቺ አውጪው» አሉ። እኔም የተውኔቱን ዜማ ሁሉ አወጣሁ፤ የአንጥረኛውን፣ የወታደሩን፣ የውኃ ቀጂዎቹን። ያስቸገረኝ የእናትየዋ ለቅሶ ብቻ ነበር። ጎረቤት ገብቼ የምጠይቅላት ሴት አይደለችም። ጋፋት ድረስ ሄድሁ፤ እርሻና የእግር መንገድ ነው፤ በገብሱ መሐል ስዞር ዋልሁ፤ የተከተለኝ አንድ ውሻ ብቻ ነበር። ግጥሙ መጣልኝ፣

ብረቱ ቀለጠ፣ መድፍም ሆነ አሉኝ፤
የቀለጠው ልጄስ ምን ሆነ ይበሉኝ?

ዜማው ግን የለም። ባዶ እጄን ተመለስሁ።

አመሻሹ ላይ ደጄ ተቀምጬ ሳለ ጎረቤቴ ሙሉነሽ ልጇን ስትጣራ ሰማሁ። ከሙሉነሽ ጋር አጥር ነው የሚለየን፤ ያኔ ገበታ እንኳ አይለየንም ነበር። «አዲሱ!» ስትል «ዲ» ላይ ድምፅዋ ይወጣና እዚያው ይቆያል፤ ከዚያ «ሱ» ላይ ድንገት ይወርዳል፤ እግሯ ያላየችው ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ሰው። ሁልጊዜ የምሰማው ጥሪ ነው፤ ያን ቀን ግን አዲስ ሆነብኝ። ልጇ እንዳይቀርባት የምትፈራ እናት ድምፅ ነበር። «ምን ሆነ ይበሉኝ» የሚለውን በዚያ ዜማ ሞከርሁት። ልክ ገባ። እመት ጠጅቱ ቢሰሙኝ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

የሞተውን ልጅ ሆኖ የሚሠራው ደግሞ ራሱ አዲሱ ነበር፤ የኪነቱ ልጅ ነዋ። አዲሱን አስተኝቼ፣ የእናቱን ጥሪ አንሥቼ፣ ሙሾ አወረድሁበት። ዜማው ይዞኝ ዞር ብዬ አላየሁም።

የምርቃቱ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሙሉነሽ የልጇን ሥራ ልታይ ከፊት ተቀምጣለች። አዲሱ አቡጀዲ ተሸፍኖ ተኝቷል። እናትየዋን የምትሠራው ልጅ ለቅሶውን ጀመረች። «ምን ሆነ ይበሉኝ» ብላ ድምፅዋ ያቺ ቦታ ላይ ሲወድቅ ሙሉነሽ ብድግ አለች።

«ኧረ ድምፄን! ኧረ ልጄን በቁሙ!»

መድረኩ ላይ ወጣች። አቡጀዲውን ገፈፈችው። አዲሱን በክንዱ ይዛ መጎተት ጀመረች።

«እማ፣ ተይ እንጂ! ሞቻለሁ እኮ!» ይላታል አዲሱ።

«አፍህን ያዝ! ተነሥ!»

ግማሹ ሰው የተውኔቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ሴቶቹ ግን ገብቷቸዋል፤ «ጦሱን ይዞ ይሂድ» እያሉ ይተፋሉ። ለሕያው ሰው ሙሾ ማውረድ በእኛ ዘንድ ሞት መጥራት መሆኑን ለማንም አላስተምርም። ሙሉነሽ ልጇን ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ጠበል ይዛው ሄደች። አዲሱ ምንም አልሆነም፤ እግዜር ይመስገን፣ ዛሬ ባሕር ዳር መኪና ይነዳል፣ የልጅ ልጅ አይቷል። ሙሉነሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከደጅ ሆና ስሙን ጠርታ አታውቅም። «አንተዬ» ነው የምትለው። ድምፅዋን ፈራችው።

ሽማግሌ ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ በሯ ላይ ወደቅሁ።

«ድምፄን መልሺልኝና እታረቅሻለሁ» አለችኝ።

ምን እመልሳለሁ? በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ዶሮዬ አጥር ዘልላ ብትገባባት ይዛ በሰው ትልክልኛለች እንጂ አታነጋግረኝም። እኅቴ ስትሞት መጥታ ደረቷን መትታ አልቅሳለች፤ ሰላም ሳትለኝ ወጣች።

አሁን ልብ በሉልኝ። የዚያን ሳምንት በኪነቱ ስብሰባ ተጠራ። «ጥፋቱ የማን ነው?» ተባለ። «የትርንጎ ነው» ተባለ፤ በአንድ ድምፅ። አንድ ሰው ተነሥቶ «የሕዝብ ነው» አላለም! ከነአባቴ፣ ከነቀበሌዬ ስሜን ያነሡት ያኔ ነው። ሲበላሽ የትርንጎ፣ ሲያምር የሕዝብ። ይህ ምን ዓይነት ክፍፍል ነው?

አቶ ላቀው ለቅሶውን እንጣለው ሲሉ እምቢ አልሁ። የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። «የሚተኛ ሰው አይኑር» አሉኝ፣ ይኸው ነው። እንግዲያው ባዶ የጠፍር አልጋ አስቀመጥን። እናትየዋ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ ማንም በሌለበት፣ «ምን ሆነ ይበሉኝ» አለች። ካሰብሁት ይልቅ ከበደ። ልጁ ተኝቶ ሲያዩት አዲሱን ነበር የሚያዩት፤ አልጋው ባዶ ሲሆን ሰው ሁሉ የራሱን ሰው አስተኛበት። በየወረዳው አዞሩት፤ አንበሳሜ ላይ የማውቃቸው የገበያ ሴቶች ሳይቀሩ አለቀሱ። ከዚያ ኪነቱ ተበተነ፣ አቶ ላቀው ዐረፉ፣ ተውኔቱም ተረሳ። እኔም ወደ ለቅሶዬ ተመለስሁ፣ እስካረጅ።

ዘንድሮ «የሕዝብ» በተባለ ማግስት፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ትሑት ልጅ፣ ሊያናግረኝ መጣ። በፈረንጅ አገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚሄድ ተውኔት ኦፔራ ይባላል አለኝ። ቼክ የሚባል አገር ደግሞ አንድ የኦፔራ ዜማ አውጪ ነበር፤ ገበያ ላይ፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ንግግር እየሰማ ዜማውን ይጽፍ ነበር፣ የገዛ ልጁ ስትታመም እንኳ ድምፅዋን እየሰማ ይጽፍ ነበር አለኝ። ልቤ ዘለለ። «ወንድሜ ነው በለኛ!» አልሁት። የሰውየውን ስም ነገረኝ፤ ምላሴ አልያዘውም። ግን ስም አለው! በአገሩ ትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ይጠራል! እሱም ከገበያ ሴት ለቀመ፣ እኔም ከገበያ ሴት ለቀምሁ። እሱን ማንም «ሕዝብ» አላለው።

ተነሥቼ ወደ ቢሮ ሄድሁ። የአሁኑ የኪነት ኃላፊ ይበልጣል ይባላል፤ ገና ጎልማሳ ነው፤ ሰው ሲገባ ይነሣል። ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ ትርንጎ፣ ተቆጡ እንዴ? ክብር እኮ ነው። የሕዝብ ማለት የሁላችን ማለት ነው።»

«ልጄ፣ ሕዝብ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ቁጭ ብሎ ዜማ ሲያወጣ ግን አላየሁም።»

«እሱማ እውነት ነው…»

«አስተማሪዬ ያሉት ነገር ጥፋት ቢኖረው በሩ የሚንኳኳ ሰው እንዲኖር ስማቸውን ይናገሩ ነበር። ያንተን ሕዝብ ቤቱ የት ነው ብዬ ላንኳኳ?»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «እማማ፣ እኔ አምናለሁ። ግን ነገ ሌላም ሰው የእኔ ነው ብሎ ቢመጣ ምን እላለሁ? ሲያወጡት ያየ ሰው አለ? ዘመድ ያልሆነ፣ ለእርስዎ የማያደላ።»

አቶ ላቀው የሉም። ያኔ እናትየዋን የሠራችው ልጅም የት እንደገባች አላውቅም። ለእኔ የማታደላ አንዲት ሴት አለች፤ እሷን ግን እንዴት አድርጌ? ተነሥቼ ወጣሁ። እመኑኝ፣ በመንገዱ ሁሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ነው የሄድሁት።

ሰንበትበት ብሎ ይበልጣል አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጋቢ ታጥፏል። «ለባህላችን ባለውለታ» የሚል ወረቀት ከላዩ አለ፤ ፎቶ የሚያነሣም ልጅ ቆሟል።

«ይህ ለምንድን ነው?» አልሁ።

«ለምስጋና ነው እማማ።»

«ዜማው የሕዝብ አይደለም እንዴ? ጋቢውን ለሕዝብ አልብሰው።»

ፎቶ አንሺው ሳቀ። ይበልጣል ግንባሩን ይዞ «እማማ፣ እባክዎ» እያለ ሳለ በሩ ተበረገደ። ሙሉነሽ ናት። ምርኩዟን ይዛ፣ ትንፋሽ አጥሯት። ለካ አዲሱ ባሕር ዳር ሆኖ ዜማው የሕዝብ መባሉን በሬዲዮ ሰምቶ ስልክ ደውሎ ነግሯታል። እኔን አየችኝ፤ እንዳላየች ሆነች። ፊቷን ወደ ይበልጣል መለሰች።

«አንተ ነህ ያንን ለቅሶ የሕዝብ ነው ያልህ?»

«አዎ እናቴ፣ ይቀመጡ…»

«አልቀመጥም! ልጄ በቁሙ የተለቀሰበትን? የእኔን ድምፅ ወስዳ የሠራችውን? የሕዝብ ነው?»

«ማለቴ…»

«እና እኔ ይህን ሁሉ ዘመን የተጣላሁት ከሕዝብ ጋር ነው?»

ይበልጣል ወደ እኔ አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«እንግዲህ እናቴ፣ ዜማውን ያወጣችው ማን እንደሆነች ይመሰክራሉ?»

ሙሉነሽ በምርኩዟ ወደ እኔ ጠቆመች፤ ዐይኗን ግን አላመጣችም። «ይህች ናት። ትርንጎ። ሌላ ሰው ማን አባቱ እንዲህ አድርጎ ይሰማኝና ነው? አጥር ጥግ ተቀምጣ ስትሰማኝ ነበር፤ አይቻታለሁ። ጻፍ! እኔ ከማን ጋር እንደተጣላሁ ይታወቅ!»

ጻፈ። እሷም የመጣችበትን ጨርሳ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት ተውኔቱ ሲታይ ያ ልጅ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ስሜን ከነአባቴ ጠራ፤ «ዜማውና ግጥሙ የወይዘሮ ትርንጎ ነው» አለ። ይህን ለማለት ያን ሁሉ መንገድ! የእመት ጠጅቱን ስም ደግሞ ከእኔ ጋር አንሡ ብዬ ነግሬያቸው ረስተውታል። ለእሱም ቢሮው እሄዳለሁ፤ ጋቢውን ደግሞ እምቢ እንዳልሁ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሙሉነሽን አጥራችን ጥግ አገኘኋት። ቆምሁላት። አየችኝ፤ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፣ እንደ ሁልጊዜው። ሌላ ጊዜ ሲያንገበግበኝ የሚውለው ነገር ነበር። «እግዜር ይስጥሽ» አልኋት፣ ቀስ ብዬ። ሰምታኛለች መሰለኝ፤ በምርኩዟ መሬቱን መታ መታ አድርጋ እርምጃዋን አፈጠነች።